ለጋሽ አስማረ ያመጣነው ወንበር

ልጄ ማኅደር በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት ሆና ትሠራለች። ኮምፒውተሯን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋለች፤ ከአለቃዋ ጋር ስትነጋገር እኔ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደርጋለሁ። ባለፈው ሰሞን ሥራዋን ጨርሳ ኮምፒውተሯን ከደነችና፣ "አባዬ፣ በእናንተ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም አይደል? ደወል ሲደወል መግባት፣ ደወል ሲደወል መውጣት ነው" አለችኝ።

"ነበር እንጂ" አልኋት።

"ምን ነበር?" አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ነገሩ አልተረሳኝም። በአፍ ለመናገር ግን ረዘመብኝ። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ።

ይበልጣል እባላለሁ። የተወለድሁት ቆላ ድባ ነው። አባቴ እህል ነጋዴ ነበር፤ እኔ ግን ጤፍ ከመስፈር ይልቅ ከተማ መግባት አማረኝና ከጎርጎራ በጀልባ ተሳፍሬ ባሕር ዳር ገባሁ። አጎቴ በአንድ የፎጣ ፋብሪካ ዘበኛ ነበር፤ እሱ አስቀጠረኝ። ትልቅ ፋብሪካ አይደለም፣ የግል ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። መጀመሪያ ክር ማጠንጠኛ ክፍል ሠራሁ፣ ከዚያ ሽመና አዳራሽ ገባሁ፣ ቀጥሎ ጥራት ቁጥጥር፣ በመጨረሻ የፈረቃ ኃላፊ ሆንሁ። ደመወዙ ቤተሰብ ያሳድር ነበር፤ ከዚያ በላይ አይደለም።

ፎጣ ቀላል ነገር ይመስላል። ፎጣ ግን ሁለት ድር አለው። አንደኛው ድር ተወጥሮ የጨርቁን መደብ ይይዛል፤ ሁለተኛው ላላ ብሎ እየታጠፈ ውኃ የሚመጥጠውን ቀለበት ያወጣል። ይህ የላላው ድር ጥቂት ከጠበቀ ፎጣው መላጣ ይሆናል፤ አብዝቶ ከላላ ደግሞ ቀለበቱ በጥፍር ይመዘዛል። በበጋ ንፋሱ ሲደርቅ ክሩ ይሰባበራል፤ በክረምት እርጥበት ይጠጣና ይከብዳል። ክር ሲበጠስ ማሽኑ ይቆማል። ሸማኔው ጫፉን ከዚያ ሁሉ ክር መካከል ፈልጎ፣ ቋጠሮውን አሳንሶ መቋጠር አለበት። ቋጠሮው ከተለቀ አያልፍም፤ እንደገና ይበጠሳል። ይህን ለመልመድ ለእኔ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ፈጅቶብኛል።

ያስተማሩኝ እትዬ ስመኝ የሚባሉ የፈረቃ ኃላፊ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው የሚያስሩ ሴት ነበሩ። አዳራሹ ውስጥ ማሽኑ ሲጮኽ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ ስለዚህ ሌሎቹ ኃላፊዎች ይጮኹ ነበር። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። በቀስታ መጥተው ትከሻ ይነካሉ፣ ከዚያ በጣታቸው ያሳያሉ። የተሳሳተን ሰው ማሽኑ ፊት አይናገሩትም። ወደ ውኃ ቧንቧው ይዘውት ሄደው፣ እጃቸውን እየታጠቡ ነው የሚነግሩት። የሚያይ ሁሉ ሊታጠቡ የሄዱ ስለሚመስለው ማን እንደተወቀሰ አይታወቅም ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ፈረቃው ከመጀመሩ በፊት መጥተው በሩ አጠገብ ቁጭ ይላሉ። የሚገባውን ሁሉ አንድ በአንድ ሰላም ይላሉ። "ቤት እንዴት አደረ?" የሚለውን ሌላው ሰው ለአፉ ያህል ነው የሚለው፤ እሳቸው ግን መልሱን ይጠብቁ ነበር። ልጅ የታመመባትን ሴት በሩ አጠገብ ካለው ማሽን ያቆሟታል፤ ቢጠሯት ቶሎ እንድትወጣ። ከዘመድ ጋር ተጣልቶ የመጣውን "ዛሬ የት ትቆማለህ?" ይሉታል። አንድ ቀን፣ "እትዬ፣ ለምን ይጠይቃሉ? አይመድቡንም?" ብላቸው፣ "መመደብማ ማን ያቅተዋል" አሉኝ።

ጡረታ ወጥተው ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ቦታቸውን እኔ ወረስሁ፤ በሩ ላይ መቀመጡን ግን አልወረስሁም። ለእኔ ቢሮ ተሰጥቶኝ ነበር።

በዚያ ዘመን የምርት ኃላፊያችን አቶ ሰሎሞን ነበሩ። ሦስት ፈረቃ ነበረን፤ ሠራተኛው በሙሉ በየሳምንቱ ይዞራል። ጠዋት የነበረ ወደ ማታ፣ ማታ የነበረ ወደ ሌሊት። ሰው ለእኔ አስተያየት ያድርጉልኝ ሲላቸው፣ "ፈረቃ እንደ ሞት ነው፤ ሁሉንም እኩል ይነካል" ይላሉ። ጨካኝ ሰው አልነበሩም። ራሳቸውም በየሦስት ሳምንቱ ሌሊት ይገቡ ነበር። ነገር ግን በሳቸው ጊዜ ወጣቱ ገብቶ ሳይለምድ ይወጣል፤ ሽማግሌው ደግሞ ይታመማል፤ አዳራሹ ውስጥ የሚቀረው መካከለኛው ብቻ ነበር።

እሳቸው ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው ሜላት መጣች። ገና ሠላሳዎቹን ያልተሻገረች፣ ፈጣን፣ ሠርታ የማትደክም ልጅ ናት። በመጣች በወሩ ጠርታኝ፣ "ጋሽ ይበልጣል፣ ሰው ለምንድን ነው የሚለቀው?" አለችኝ።

"ፈረቃው ነው" አልኋት።

"እንግዲያው ፈረቃውን ለሰው እናስማማዋ።"

ደስ አለኝ። ሁለታችን ተቀምጠን አዲስ ድልድል አወጣን። ዕድሜያቸው የገፋውን ሁሉ ወደ ቀን ፈረቃ፣ ወደ እጥፋት ክፍል አመጣናቸው። እዚያ የተሠራው ፎጣ እየታየ ይታጠፋል፤ ሥራው ቀላል ነው። ሜላት ከራሷ በጀት ቀንሳ ስፖንጅ ያላቸው ወንበሮች አስገዛች። ወጣቶቹን ደግሞ ወደ ማታና ወደ ሌሊት አደረግናቸው፤ ቀን ቀን ይማሩ፣ ጉዳያቸውን ይጨርሱ ብለን። ሁሉም የሚያመሰግነን መስሎን ነበር።

ጋሽ አስማረ የሽመናው ቁንጮ ነበሩ። አባታቸው መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸውም ሠራተኛ ይሁኑ እንጂ የቤተ ክህነት ሰው ናቸው፤ በዓል ሲደርስ ሐይቁን ተሻግረው ዘጌ ካሉት ገዳማት በአንዱ ማኅሌት ይቆማሉ። ለዚያ ሲሉ አጠገባቸው ከሚሠራው ሸማኔ ከከማል ጋር ተስማምተው ነበር። ከማል ዓርብ ቀትር ሲሰግድ እሳቸው ማሽኑን ይጠብቁለታል፤ ለእሳቸው በዓል ደግሞ እሱ ይሸፍናል። አቶ ሰሎሞን ይህን አይተው እንዳላዩ ያልፉት ነበር። ክር በአዳራሹ ውስጥ ሲበጣጠስ ወጣቱ የሚጠራው እኔን ሳይሆን ጋሽ አስማረን ነው። መጥተው በመዳፋቸው ድሩን ዳሰስ ያደርጉና ያላላሉ ወይም ያጠብቃሉ። አስተማሪ ተብለው ግን ተመድበው አያውቁም።

"ጋሽ አስማረ፣ ከሰኞ ጀምሮ እጥፋት ክፍል ነዎት" አልኋቸው።

"ምን አጥፍቼ?"

"ምንም አላጠፉም። ለእርስዎ ብለን ነው። ሌሊት የለ፣ መቆም የለ።"

"ለእኔ" አሉና ወደ ማሽናቸው ተመለሱ።

ሰኞ ወደ እጥፋት ክፍል ገቡ። ሌሎቹ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይሠራሉ። ጋሽ አስማረ ወንበራቸውን ከግድግዳው አስጠግተው ቆመው ያጥፉ ጀመር። ሲውሉም ቆመው ነው። ባለፍሁ ቁጥር አያቸዋለሁ፤ ግትርነት መሰለኝ፤ ይለምዱታል ብዬ ተውሁት። መስቀልን አከበሩ፤ ከበዓሉ ተመልሰው ጥቂት ቀን ሠሩ፤ ከዚያ ቀሩ። በሰው በኩል "በቃኝ" ብለው ላኩ።

ወጣቶቹም እንዲሁ ነበሩ። የማታው ፈረቃ በሙሉ ጀማሪ ሆነ። ክር ሲበጠስ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ ሲቋጥር ሌላው ማሽን ይቆማል፤ ያኛውን ሲያስነሡ ይኸኛው ይቆማል። በዚያው ሰሞን ከሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ ለጥምቀት እንግዳ የሚሆን ብዙ ፎጣ አዝዞን ነበር። በቀኑ አልደረሰም። የደረሰውም ግማሹ መላጣ፣ ግማሹ የተመዘዘ ነበር። ሆቴሉ መለሰው።

ባለቤቱ መጡ። ከተመለሰው ፎጣ አንዱን አንሥተው በእጃቸው ዳሰሱት። "ማባበሉ ይብቃ" አሉ። "ወደ ድሮው ፈረቃ ተመለሱ። የደከሙትን ደግሞ በወግ አሰናብቷቸው፤ ለማጠፍ ይህ ሁሉ ሰው አያስፈልግም።"

ሜላት ፊቷ ቀላ፤ ግን አልደነገጠችም። "እስከ ፋሲካ ጊዜ ይስጡኝ" አለቻቸው። ሰጧት።

በማግስቱ ብርቱካን ቢሮዬ ገባች። የአንበሳሜ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ጣቷ ፈጣን። የመታወቂያ ባጇን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ እኔ ልሂድ።"

"ምን ጎደለሽ? ቀን ቀን እንድትማሪ ብለን የማታውን ሰጠንሽ።"

"ማን ትማራለች አለዎት? እኔ ልጅ አለችኝ። ማታ ማታ ጎረቤት ዘንድ ነው የምትተኛው። ስመለስ ተኝታ አገኛታለሁ፤ ጠዋት እኔ ደክሞኝ ስተኛ እሷ ትነቃለች።"

"ልጅ እንዳለሽ አልነገርሽንም።"

"አልጠየቃችሁኝም" አለች። መሬት መሬቱን እያየች ነው የምትናገረው። "ወጣት ናችሁ ተባልን። ወጣት ማለት ቤት የሌለው ማለት ነው?"

ባጇን እዚያው ትታ ወጣች። በዚያ ሳምንት ከእሷ ሌላ ብዙዎቹ ወጡ።

በዕረፍቴ ቀን ጀልባ ተሳፍሬ ዘጌ ሄድሁ። ጋሽ አስማረን ያገኘኋቸው ከዛፎቹ ሥር ጌሾ ሲለቅሙ ነው። ሲያዩኝ አልተገረሙም።

"እንዴት ዋልህ ይበልጣል።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት ሰነበቱ? እንዲመለሱ ልለምንዎት ነው የመጣሁ።"

"ሰው ጠፋ እንዴ?"

"ሰውስ አለ። እንደ እርስዎ የሚሆን ጠፋ እንጂ።"

ጌሾውን መልቀማቸውን አላቆሙም። "ለመስቀል ማኅሌት ቆሜ ነው ያደርሁት" አሉ። "ከዋዜማው እስከ ቅዳሴው። መቋሚያዬን ተደገፍሁ እንጂ አልተቀመጥሁም። ተሻግሬ ወደ ሥራ ስመጣ ያቺ ወንበር ትጠብቀኛለች።"

"እንዳይደክምዎት ብለን ነው እኮ።"

"አውቃለሁ። ክፉ አላሰባችሁም። ክፉ ብታስቡብኝ ይሻል ነበር፤ እሟገታችሁ ነበር። በደግነት ከመጣ ሰው ጋር ምን ተብሎ ይሟገታል?" ቀና ብለው አዩኝ። "ጉልበቴ ሲከዳኝ እኔው እነግርህ ነበር፣ አንተ። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንሠራ ዋሽቼህ አውቃለሁ?"

"አያውቁም።"

"እንዲያው ‘አስማረ፣ ምን ይሻልሃል?’ ብትለኝ ምን ነበረበት።"

ማሽናቸውን እንደምመልስላቸው፣ ከፈለጉ ቀን፣ ከፈለጉ ግማሽ ቀን እንዲሠሩ ነገርኋቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። "ቂም አይደለም። እዚህ ልጆች ዜማ ማስተማር ጀምሬያለሁ። አሁን ትቻቸው ብመጣ እነሱን ማን ጠየቃቸው?" አሉ። ሎሚ በፌስታል አሲዘው እስከ ጀልባው ሸኙኝ። አልተመለሱም። ያ ፋብሪካ እንደ እሳቸው ያለ ሸማኔ ከዚያ ወዲህ አላገኘም። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ተበላሽቶብኛል፤ ሊጠገን ያልቻለው ይህ ነው።

የሆነውን ለሜላት ነገርኋት። የሠራተኞቹን ፋይል ስባ አገላበጠች። ከዚያ፣ "እኛ የምናውቀው የተወለዱበትን ዘመን ብቻ ነበር" አለች። "እሱም ቢሆን ፋይላቸው ላይ ስለተጻፈ ነው።"

ግቢው ውስጥ ዋርካ አለ። ከእሱ ሥር አግዳሚ አወጣንና ሠራተኛውን በየተራ እያስቀመጥን እንጠይቅ ጀመር። ሜላት ሁለት ጥያቄ ነበራት፤ መቼ መሥራት ይመችሃል? ምን መሥራት ትወዳለህ? እኔ አንድ ጨመርሁ፤ ከማን ጋር?

ያሰብነው ሁሉ ተገለበጠ። ጡረታቸው የቀረበው ወይዘሮ ዘውዴ ሌሊቱን ካልሰጣችሁኝ አሉ። "ቀን ቀን ቤቴ በልጅ ልጅ ይሞላል፤ እንቅልፍ ቢሆን ሰላም የለኝም። ሌሊት ማሽኔና እኔ ነን። እዚያ ነው የማርፈው" አሉ። አንድ ሌሊቱን ይወዳል ያልነው ጎረምሳ ደግሞ ማለዳውን ለመነ፤ ከሰዓት በኋላ ኳስ ይጫወታል። ከእጥፋት ክፍል ሽማግሌዎች ሁለቱ "እኛስ ወንበሩ ተመችቶናል፤ እንዳትነሡን" ብለው ሳቁ። ለሦስተኛው ጥያቄ የመለሱትን ግን አንረሳውም። ወጣቶቹ "ከማይጮኽ ትልቅ ሰው ጋር" አሉ። ትልልቆቹ "ዓይኑ ክር ከሚያይ ልጅ ጋር" አሉ።

ብርቱካንን ቤቷ ሄጄ አመጣኋት። ጠዋት ልጇን መዋለ ሕፃናት ሳታደርስ እንደማትመጣ አስቀድማ ተናገረች። ደወሉ ከዚያ በፊት ነው የሚደወለው። ማሽኑ እስከዚያ ማን ይያዘው ስንል ወይዘሮ ዘውዴ፣ "እኔ እጠብቃታለሁ። ቤት ብገባ ልጆቹ ትምህርት ቤት እስኪሄዱ አያስተኙኝም" አሉ። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ጠዋት ጠዋት ጥቂት ጊዜ አንድ ማሽን ላይ አብረው ይቆሙ ጀመር። ወይዘሮ ዘውዴ ለመሄድ ነጠላቸውን እየለበሱ ስለ ላላው ድር፣ ስለ ንፋሱ፣ ስለ ቋጠሮው ይነግሯታል። እኔ ሥልጠና ብዬ ካወጣሁት ፕሮግራም ይልቅ በዚያች ሰዓት ብዙ ተማረች።

ሁሉ ነገር አማረ ማለት አይደለም። ቅዳሜ ማታን የሚፈልግ አንድ ሰው አልተገኘም፤ ዕጣ አወጣን፤ ዕጣው የደረሰበትም አጉረመረመ። ከጓደኛው ጋር መቀያየር የተፈቀደለት አንዱ ደግሞ ቀይሮ ቀይሮ ከባድ ቀን የሚባል የማይደርስበት ሆነ፤ ወደ ውኃ ቧንቧው ወስጄ ነገርሁት፤ ተስተካከለ። ወጣት አሁንም ይለቃል። ግን ከመልቀቁ በፊት መጥቶ ይነግረናል፤ ሰው እስኪተካም ይጠብቃል። መንገድ የሚዘጋበት፣ ታክሲ የሚጠፋበት ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ቅርብ ያለው ለሩቁ እየሸፈነ አዳራሹ ብዙ አልቆመም። ለፋሲካ ሌላ ሆቴል ያዘዘንን ፎጣ በቀኑ አስረከብን። ባለቤቱ መጥተው ዳሰሱት፤ ምንም ሳይሉ ሄዱ። እሳቸው ዝም ካሉ ፈቀዱ ማለት ነው።

ጡረታዬ ሲደርስ ወረቀቱ ብዙ ነበር፤ አለቀ። ሜላት፣ "በእርስዎ ቦታ ማንን ላድርግ?" አለችኝ። ሠራተኛውን እንድትጠይቅ ነገርኋት። ከወጣትም ከአረጋዊም የተጠራው ስም የብርቱካን ሆነ። እኔ በልቤ ሌላ ሰው ነበር ያሰብሁት፤ አልተናገርሁም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ብርቱካን ልጇን ይዛ ቤቴ መጣች። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላዋይዎት ነበር" አለችኝ። ስለ ሥራው መሰለኝና ተዘጋጅቼ ተቀመጥሁ። ወጣቶቹ ረጅም ሰዓት ሠርተው በሳምንት ሦስት ቀን ለማረፍ እንደጠየቁ ሰምቼ ነበር። "ያ ነገር አይሆንም፤ ሰው ይደክማል፣ ክር ይበጠሳል" ብዬ ጀመርሁ።

"ጀምረነዋል እኮ" አለች። "ወር አለፈው። ደህና ነው።"

አፌን ያዝሁ። ሳልጠየቅ መናገሬ አሳፈረኝ፤ ያለ እኔ መሆኑ ጥቂት ከፋኝ፤ ደግሞም ደስ አለኝ።

"እንግዲያ ምንድን ነው የምታዋይኝ?"

አንገቷን ደፋች። "ሽማግሌ ሊልኩብኝ ነው። አባቴ በሕይወት የለም። እርስዎ ዘንድ ይምጡ ብያቸዋለሁ፤ ከፈቀዱልኝ።"

ፈቀድሁ። እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሎች በሬን አንኳኩ፤ አንደኛው ቄስ ናቸው። እንደ ወጉ ስለ ልጁ ዘር፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ጠባዩ ተናገሩ። የብርቱካንን ልጅ እንደ ልጁ እንደሚያሳድጋትም ጨመሩ። እኔም እንደ ወጉ፣ "መልካም፤ ዘመድ መክሮ፣ ልጅቱም ተጠይቃ በሌላ ቀን መልስ እንሰጣለን" ማለት ነበረብኝ። ይህ ለወጉ የሚባል ነው፤ መልሱን ሁሉም አስቀድሞ ያውቀዋል።

እኔ ግን፣ "ይቅርታ አባቶቼ፣ አንድ ጊዜ" ብዬ ተነሣሁና ወደ ጓዳ ገባሁ። ብርቱካን ከባለቤቴ ጋር ቆማለች፤ እጆቿን አጣምራ።

"ብርቱካን፣ ሰውየውን ትወጅዋለሽ?" አልኋት።

ባለቤቴ ደንግጣ አየችኝ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚያች ሰዓት አይጠየቅም። ብርቱካን ግን ቀና ብላ፣ ደግሞም ሳትቸኩል አሰበችበት።

"እወደዋለሁ" አለች። "ግን ሠርጉ ከክረምት በኋላ ይሁንልኝ።"

ወደ ሳሎን ተመለስሁና፣ "ከክረምት በኋላ ትላለች" አልኋቸው።